በሱስ የተያዘው ልጃችን፦ ወደ ማረሚያ ቤት ወይስ ወደ ሕክምና?

(በማክሰኝት ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት ከተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር ለዚህ እትም የተዘጋጀ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በዐውደ ምሕረት ላይ ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ በየቤቱ ግን በሹክሹክታ ይነገራል። እናት ለጎረቤቷ ትደብቀዋለች፤ አባት «ልጄ የለም፣ ሥራ ሄዷል» እያለ ይሸፍነዋል፤ ወሬው ገሃድ የሚወጣው ልጁ በፖሊስ እጅ ሲወድቅ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ነፍስ አባቱ ይሮጣል። ነፍስ አባትም ወደ ሰበካ ጉባኤው ይመጣሉ። በዚያች ሰዓት ምን እንደምንመልስ አስቀድመን ካላሰብንበት፣ የምንሰጠው መልስ የቁጣ ወይም የኀፍረት መልስ ይሆናል።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ማንንም ያልመታ፣ የሰው ገንዘብ ያልዘረፈ፣ ነገር ግን አደንዛዥ ዕፅ ሲጠቀም የተገኘ ሰው መታሰር ይገባዋል ወይስ መታከም? የእኔን መልስ ከመነሻው ልግለጥ። ዕፁን የሚሸጠውና ሰውን የሚጎዳው በሕግ ፊት ይቁም። ራሱን ብቻ የጎዳው ግን ሕክምና ይቅደምለት። ይህም እንዲሆን በእኛ አገር የመጀመሪያው የሕክምና በር የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ደጅ መሆን አለበት። ምክንያቴን በየተራው አቀርባለሁ።

የምንናገረው ስለ ማን ነው?

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በመንገዱ እህልና ሽምብራ እንደሚያልፍ ሁሉ ሌላም ነገር ያልፋል። ከየገጠሩ ብዙ ወጣት በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል። በቆላው ሙቀት ከወገኖቹ ርቆ ሌሊትና ቀን የሚደክም ልጅ ድካሙን የሚያስረሳው ነገር ሲፈልግ የሚያቀርብለት አያጣም። በዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሰሜኑን የመታው ጦርነትና ከዚያም ወዲህ በክልላችን የቀጠለው ሁከት አለ። ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ሥራ ያጣ፣ ማየት የማይገባውን ያየ ወጣት በየደጃፋችን አለ። እንቅልፍ የነሣውን ትዝታ በአረቄ ወይም በሀሺሽ ለማስተኛት የሚሞክረውን ሁሉ «ክፉ ልጅ» ብለን ብንደመድም ሥሩን ሳናይ ቅጠሉን እንደ መምታት ይሆንብናል።

በየቦታው የምናየውም አንድ ዓይነት አይደለም። ጫትና አረቄ በሕግ አልተከለከሉም። ሀሺሽ ተከልክሏል። ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የሚወሰዱ የሕመም ማስታገሻ እንክብሎችም አሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ለ21 ዓመት ላልሞላው ወጣት አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ይህን ግን ስንቱ ጠላ ቤትና አረቄ ቤት ያውቀዋል? በአንድ መንደር ውስጥ አንዱ ልጅ አረቄ ጠጥቶ በየጥጉ ሲወድቅ «ምስኪን» ይባላል፤ ሌላው ትንሽ ሀሺሽ በኪሱ ሲገኝ ወንጀለኛ ይሆናል። ጉዳቱን ብንመዝነው የመጀመሪያው ከሁለተኛው የማይተናነስበት፣ አንዳንዴም የሚብስበት ጊዜ አለ። ይህን የምለው ሀሺሽን ለማቃለል አይደለም። ሀሺሽ በተለይ በለጋ ዕድሜ ሲጀመር የአእምሮ ሕመም ሊቀሰቅስ እንደሚችል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። የምለው ፍርዳችን በሱሱ ጉዳት ሳይሆን በልማዳችን እንዳይመራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንለይ። የቀመሰ ሁሉ የታመመ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከል ቢሮ እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 292 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አደንዛዥ ዕፅ ተጠቅመዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ የሱስ ሕመም ያለባቸው 64 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከአምስቱ አንዱ ያህል ማለት ነው። ከታመሙትም ሕክምና ያገኘው ከአሥራ አንዱ አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ለብዙዎቹ የሚያስፈልገው ምክር፣ ተግሣጽና ሥራ ነው፤ ለጥቂቶቹ ግን እውነተኛ ሕክምና ያስፈልጋል። እስር ቤት ሁለቱን አይለይም።

በቅጣት ብቻ የተሞከረበት ዘመን

ይህ ጥያቄ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን በእጅጉ ይጠሉ ነበር። ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩን፣ በአፍንጫው የሳበ አፍንጫውን እንዲቆረጥ አዝዘው እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ ተጓዦች ጽፈዋል። ንጉሡ ለሃይማኖታቸው የነበራቸውን ቅንዓት ማንም አይጠራጠርም፤ በመተማ ሕይወታቸውን የሰጡ ንጉሥ ናቸው። ነገር ግን ከዚያ የከበደ ምን ቅጣት ሊኖር ይችላል? ያም ሆኖ ትምባሆ ከአገር አልጠፋም። በኋላ ዘመን መንግሥት ራሱ ትምባሆን በሞኖፖል ይዞ ሲያመርትና ሲሸጥ ታየ። ከንፈር የሚቆርጥ ሕግ ያላስቆመውን ልማድ ዛሬ በጥቂት ወራት እስር አስቆማለሁ የሚል ሰው ይህን ታሪክ ሊያስታውስ ይገባዋል።

ሕጋችን የሚከፍተው በር

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 መርዛማ፣ አደንዛዥና አእምሮን የሚያውኩ ዕፆችን ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይከለክላል፤ ይቀጣልም። እንግዲህ በአገራችን መጠቀምም በራሱ ወንጀል ነው። ይህን ሸፍነን አንናገርም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሕግን የሚያከብር ነውና።

ነገር ግን ይኸው ሕግ በመጀመሪያው አንቀጹ ዓላማውን ሲናገር ከማስጠንቀቅና ከመቅጣት ጋር ጥፋተኛው የሚታረምበትን መንገድም ይጨምራል። በአእምሮው መታወክ ምክንያት ኃላፊነቱ የጎደለ ሰው ተገቢ በሆነ ተቋም እንዲታከም ፍርድ ቤት ማዘዝ የሚችልበት ሥርዓት በውስጡ አለ። ቅጣትን በገደብ ማቆየትና ሰውየው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በክትትል ሥር ሆኖ ጠባዩን እንዲያሳይ ማድረግም አለ። ስሙንም እንመልከት፤ አያቶቻችን «ወህኒ» ይሉት የነበረውን ዛሬ «ማረሚያ ቤት» እንለዋለን። ስሙን የለወጥነው ሐሳቡን ስለ ለወጥን ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1961ዱ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሻሻል፣ ሱሰኞችን በቅጣት ፋንታ ወይም ከቅጣት ጋር ወደ ሕክምና፣ ወደ ትምህርትና ወደ ማኅበራዊ ተሐድሶ መላክ እንደሚቻል በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ «ሕክምና ይቅደም» የሚል ሰው ሕግን የሚያፈርስ አይደለም፤ ሕጉ የተወውን በር የሚያንኳኳ ነው። ዳኛው ግን በዚያ በር ማስገባት የሚችለው በበሩ ማዶ የሚቀበል ሰው ሲኖር ነው። «በገደብ ብለቅቀው ማን ይከታተለዋል? የት ይታከማል? ማን ይመሰክርለታል?» ብሎ ሲጠይቅ ከሕዝቡ መካከል መልስ የሚሰጥ ከጠፋ፣ የሚቀረው የታወቀው መንገድ ነው።

ሁለቱ መንገዶች

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው አንድ ወጣት ከሰሊጥ አጨዳ ተመልሶ በአውቶቡስ መናኸሪያ ሲያንጎላጅ ተገኘ እንበል። ኪሱ ሲፈተሽ ለራሱ የሚያጨሰው ጥቂት ሀሺሽ ተገኘ። ሰው አልመታም፤ አልሰረቀም።

በመጀመሪያው መንገድ ወጣቱ ይታሰራል። በታሰረበት ቤት ከሌባውና ከነፍሰ ገዳዩ ጋር ይውላል፤ ያድራል። የሚያስተምሩት የማያጣበት ነገር ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። የተጨናነቀ እስር ቤት የበሽታም ቤት ነው። በጎንደር ማረሚያ ቤት የተደረገ ጥናት የሳንባ ነቀርሳ በታራሚዎች ዘንድ ከጠቅላላው ሕዝብ ይልቅ ብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። ወራቱ ያልፋሉ፤ ወጣቱ ይወጣል። ሱሱ ያልታከመ ስለ ሆነ አብሮት ይወጣል። አሁን ግን «ታሳሪ ነበር» የሚል ስም ተጨምሮበታል። የሚቀጥረው የለም፤ የሚያጭለት የለም። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» እንዲሉ፣ ሁሉም በፊናው ይጥለዋል። በሰላም የሚቀበለው ቀድሞ ዕፁን የሸጠለት ሰው ብቻ ይሆናል።

በሁለተኛው መንገድ ወጣቱ በፖሊስ ይመዘገባል፤ ዕፁ ይወሰድበታል፤ ከማን እንደ ገዛውም ይጠየቃል። ከዚያ ግን ወደ ጤና ባለሙያ ይላካል። ባለሙያው ቀማሽ ነው ወይስ በሱስ የተያዘ፣ ከሱሱ በታች ሌላ ሕመም፣ ለምሳሌ የጦርነት ድንጋጤ ወይም ድባቴ አለበት ወይ ብሎ ይመረምረዋል። ነፍስ አባቱ ቀኖናውን ይሰጡታል። ሰበካ ጉባኤው በየሳምንቱ የሚያየው አንድ ሰው ይመድብለታል። ሥራ ይፈለግለታል። ሊወድቅ ይችላል፤ ከሱስ የሚድኑ ብዙ ሰዎች አንዴ ወይም ሁለቴ ይወድቃሉ። ነገር ግን ሲወድቅ የሚያነሣው እጅ በአጠገቡ አለ።

በሁለቱም መንገድ ወጣቱ በመጨረሻ ወደ ማክሰኝት ይመለሳል። ጥያቄው ምን ሆኖ ይመለሳል ነው።

ከቅዱሳት መጻሕፍት የምንማረው

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ አምስተኛ ምዕራፍ በመቃብር መካከል ይኖር ስለ ነበረው ሰው ይተርካል። ሰዎች እግሩንና እጁን ብዙ ጊዜ በሰንሰለት አስረውታል፤ እርሱ ግን ይሰብረው ነበር። ራሱንም በድንጋይ ይቆርጥ ነበር። የአገሩ ሰዎች ሌላ ዘዴ ስላልነበራቸው ያሠሩት ነበር። ጌታችን ግን አላሠረውም፤ ፈወሰው። ከተፈወሰም በኋላ ሰውየው ሊከተለው ቢለምነው ወደ ቤቱና ወደ ወገኖቹ እንዲሄድ አዘዘው። ይህን ትእዛዝ ልብ እንበል። ፈውሱ የሚፈጸመው ሰውየው ወደ ወገኖቹ ሲመለስ ነው። ወገኖቹ ደግሞ እኛ ነን።

ደጉ ሳምራዊም በመንገድ የወደቀውን ባገኘ ጊዜ «ለምን በዚህ መንገድ ሄድህ?» ብሎ አልመረመረውም። ቁስሉን ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ለአስታማሚው ከፈለ። አባቶቻችን ያን ማደሪያ በቤተ ክርስቲያን ይመስሉታል። ኢየሱስ ወልደ ሲራክም በመጽሐፉ ሐኪም ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑንና ሊከበር እንደሚገባው ያስተምራል። በሥርዓታችን ንስሓ ራሱ ሕክምና ነው፤ ካህኑም የነፍስ ሐኪም ይባላል። ቀኖና የሚሰጠው እንደ ሕመሙ ዓይነትና እንደ ታማሚው አቅም ነው። ለሁሉም አንድ ልክ የሆነ ቀኖና የሚሰጥ ካህን፣ ለሁሉም አንድ መድኃኒት እንደሚያዝዝ ሐኪም ይቆጠራል። ይህን ጥበብ ለዘመናት የያዘች ቤተ ክርስቲያን በሱስ ጉዳይ ላይ «እሰሩት» ከማለት በላይ የምትናገረው ሊኖራት ይገባል።

ከሌሎች አገሮች ልምድ

ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2001 ሕጓን ለወጠች። ለአሥር ቀን ፍጆታ ከሚበቃ ያልበለጠ ዕፅ ለራሱ የያዘ ሰው በወንጀል መከሰሱ ቀርቶ በሕግ፣ በጤናና በማኅበራዊ አገልግሎት ዘርፍ ያሉ ሦስት ሰዎች በሚቀመጡበት ጉባኤ ፊት ይቀርባል። ጉባኤው ይመክረዋል፤ ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ ያመላክተዋል፤ ሲያስፈልግም መቀጮ ይጥልበታል። ሻጩ ግን እንደ ቀድሞው ወንጀለኛ ነው። አገሪቱ ከሕጉ ጋር ገንዘቧንም ወደ ሕክምና አዞረች፤ በመርፌ ዕፅ በሚወስዱ ሰዎች መካከል አዲስ የኤች አይ ቪ መያዝ በእጅጉ ቀነሰ። የሦስት ሰው ጉባኤ ሲባል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሽምግልና የምንለው ነው።

ከአፍሪካም ጋና እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ ለግል መጠቀሚያ ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው ከረጅም እስራት ይልቅ በቅድሚያ የገንዘብ መቀጮ እንዲከፍል አደረገች።

ሁሉም ሙከራ ግን አልተሳካም። በአሜሪካ የኦሪገን ክፍለ ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2020 በድምፁ የተጠቃሚዎችን እስራት አስቀረ። የሕክምናው አገልግሎት ግን ዘግይቶ መጣ፤ በአደባባይ ዕፅ መጠቀም ሕዝቡን አስመረረ፤ በ2024 ምክር ቤቱ ቅጣቱን መለሰ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። የእስር ቤቱን በር ከፍቶ የሕክምናውን በር ያልከፈተ ሰው ታማሚውን በጎዳና ላይ ጣለው እንጂ አልረዳውም። እኛም «አይታሰር» ብቻ ብለን ከተቀመጥን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«እስር ካልኖረ ወጣቱ ምን ያስፈራዋል?» የሚሉ አባቶች አሉ። ፍርሃት ያልጀመረውን ሊከለክል ይችላል፤ ይህን አልክድም። ስለዚህም ሕጉ በሻጩ ላይ ጥርሱን ያሳይ እላለሁ። በሱስ የተያዘው ግን ጤናውን፣ ትምህርቱንና የእናቱን ዕንባ ሳይፈራ የሄደ ነው፤ ከዚህ በኋላ በፍርሃት ብቻ አይመለስም።

«ሌብነትስ?» ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለሱሱ ሲል የሰው በግ የሸጠ፣ የእናቱን ጌጥ ያወጣ አለ። የተጎዳው ወገን ካሣ ይገባዋል። ሱስ ምክንያትን ይገልጣል እንጂ ዕዳን አይሰርዝም። ሰክሮ ወይም ደንዝዞ ባጃጅና መኪና የሚነዳውም የሰው ነፍስ በእጁ ነውና ሕግ ይያዘው። እነዚህም ቢሆኑ ታስረው ሳለ ሕክምና ሊያገኙ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው። ልጇን ራሷ ለፖሊስ የምታስረክብ እናት አለች፤ «ቢታሰር እንኳ ሌሊቱን እተኛለሁ» ትላለች። ይህችን እናት የሚወቅስ ንግግር ከእኔ አትሰሙም። እስር ቤትን የመረጠችው ሌላ የሚቀበላት ደጅ ስላላገኘች ነው። ያን ደጅ የማበጀቱ ዕዳ በእኛ ላይ ነው።

ጠበልና መድኃኒት

በዚህ ጉዳይ ላይ አባቶችን በትሕትና የምለምነው አለኝ። በሱስ የተያዙ ብዙዎች በመጀመሪያ የሚወሰዱት ወደ ጠበል ነው፤ በጠበል የተፈወሱም አሉ። ጠበልና መድኃኒት ግን ተቃዋሚዎች አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጠበል ስለሚጠመቁ መድኃኒታቸውን ማቆም አለባቸው ወይ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስተምረዋል። ያ ትምህርት የብዙዎችን ነፍስ አትርፏል። ለሱስም ያው ትምህርት ይሠራል።

በተለይ ስለ አረቄ አንድ ነገር ሁሉም ይወቅ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊንፈራገጥ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አእምሮው ሊቃዥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ይህ ሳይታከም ቢቀር ሊገድል የሚችል ሕመም ነው፤ ሐኪም ግን ሊያክመው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው በእስር ክፍል ቢዘጋበት ወይም በጠበል ቦታ በሰንሰለት ታስሮ ምግብና ውኃ ቢከለከል በእጃችን ሊሞት ይችላል። ጫት ያቆመ ሰው ደግሞ ይደክመዋል፤ ዱካክ ያስቸግረዋል፤ ልቡ ያዝናል። ይህም ያልፋል፤ ነገር ግን ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የተናገረ ሰው ብቻውን መተው የለበትም። የእንክብል ሱስ ያለበትም ለወራት ርቆ ሲመለስ ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን አይችልምና፣ ከእስር የወጣበት የመጀመሪያው ሰሞን ለሞት የሚያሰጋው ነው።

ሕክምናውስ የት አለ? ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን በአእምሮ ጤናና በአልኮል ሱስ ላይ ማሠልጠን ጀምሯል። በቅርባችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የገጠሩን ሕዝብ ጤና የሚጠብቁ ባለሙያዎችን ለማፍራት ነበር። የሱስ ሕክምና ብቻ የሚሰጥ ማእከል በአገራችን ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የሚሠራው በጤና ጣቢያው፣ በሆስፒታሉና በአጥቢያው መካከል የሚዘረጋ መንገድ ነው።

አጥቢያው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ሦስት ሰዎችን ይምረጥ፤ አንድ ካህን፣ አንዲት እናት፣ አንድ ከጤና ወይም ከመምህርነት ሙያ የሆነ ሰው። ሥራቸው መስማት፣ ማገናኘትና መከታተል ነው። የሚቻል ከሆነ ቀድሞ በሱስ ተይዞ የዳነ ሰው አብሯቸው ይሁን፤ መንገዱን እርሱ ያውቀዋልና።

ሁለተኛ፣ እነዚህ ሦስት ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው ስለ ሱስና ስለ አእምሮ ጤና የሠለጠነው ባለሙያ ማን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚገኝ ይወቁ። ችግሩ ከመጣ በኋላ መጠየቅ ይዘገያል።

ሦስተኛ፣ ለወረዳው ፖሊስና ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ያስታውቁ፦ ሰው ያልጎዳ፣ ዕፅ ያልሸጠ ወጣት ሲያዝ አጥቢያው ስለ ጠባዩ ሊመሰክር፣ ዋስ ሊሆን፣ በገደብ ቢለቀቅ ሊከታተለው ዝግጁ መሆኑን። ፍርዱ የዳኛው ነው፤ እኛ የምናቀርበው መቀበያ ነው።

አራተኛ፣ የንስሓ ምሥጢር ይጠበቅ። ወጣቱ ለነፍስ አባቱ የተናገረው ወደ ኮሚቴም ሆነ ወደ ፖሊስ እንደማይሄድ ካላመነ ማንም አፉን አይከፍትም። ኮሚቴው የሚያውቀው ልጁ ራሱ ወዶ የነገረውን ብቻ ይሁን። በአንጻሩ ሻጭን መሸሸግ ክህነትም ሽምግልናም አይደለም።

አምስተኛ፣ ደጃችንን እንመልከት። በተዝካር፣ በክርስትናና በሠርግ አረቄ ያለ ልክ እየቀዳን፣ ለልጆችም ጭምር እያቀመስን፣ ልጆቻችንን «ለምን ጠጣችሁ» ማለት አያምርብንም። እያንዳንዱ ማኅበርና ሰንበቴ በዝክሩ ላይ አረቄ እንዳይቀርብ፣ ለወጣት እንዳይቀዳ ቢስማማ፣ ምንም በጀት የማይጠይቅ ልማት ነው።

ስድስተኛ፣ ከሕክምና ለተመለሰው ሥራ ይፈለግ። ንብ ማነብ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የአጥቢያው ግንባታ፣ የገበያ ጭነት፤ ምንም ይሁን። እጁ ባዶ የሆነ ሰው አሳቡም ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ካለ የኤች አይ ቪን ዘመን ያስታውስ። ያን ጊዜም ታማሚው ይገለል ነበር፤ በሬሳው እንኳ ላይ ይወራ ነበር። ኮሚሽናችን ከካህናቱና ከአጥቢያው ጋር ሆኖ ሲያስተምር፣ ወላጅ ያጡትን ሲሰበስብ፣ የቤት ለቤት አስታማሚ ሲያሠለጥን ዕፍረቱ ቀስ በቀስ ተሰበረ። ያን ጊዜ የተማርነው ጥበብ በእጃችን አለ፤ የሚያስፈልገን ሌላ ሕመም ላይ ማዋል ነው።

አባቶችና እናቶች፤ ከዚህ ስብሰባ ስትመለሱ አንድ ሥራ ብቻ አደራ እላለሁ። በሚመጣው የሰበካ ጉባኤያችሁ ስብሰባ ላይ የሦስቱ ሰዎች ጉዳይ በአጀንዳ ይያዝ፤ ስማቸውም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። የሚቀጥለው ልጅ ከመያዙ በፊት እናቱ የማንን ደጅ እንደምታንኳኳ ትወቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።